እሺ ሳይሉን አንበላም

ልጄ ደውሎ «ማሚ፣ ቅዳሜ ማታ ዲነር ተጋብዘናል» ሲለኝ ሮቢንስዴል ሆስፒታል ሥራ ላይ ነበርኩ። የያዝኩትን አንሶላ ጥዬ እልል አልኩ፤ አብረውኝ የሚሠሩት ምን ነካት ብለው ከየክፍሉ ወጡ። ምን ላድርግ! ልጄ የወደዳት ህንዳዊት ልጅ ወላጆች ሊያዩን ፈልገዋል። ያውም ዳውንታውን፣ የልጅቷ አጎት በከፈተው በዚያ በትልቁ የህንድ ሆቴል። በደጁ ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን አስግጌ የማየው ሆቴል ነው።

እኔ ደግሞ ደስታ ለብቻዬ መያዝ አልችልበትም። ወዲያው አፕል ቫሊ ለሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ደወልኩ። የልጄ አባት ከሞተ ወዲህ ለቤታችን አባት እሱ ነው። በሙሉ ካዳመጠኝ በኋላ፣ የሰው ሴት ልጅ እራት እየተበላ በጨዋታ መሀል አይጠየቅም፣ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ አለ። ልጄ «ዲነር ብቻ ነው እኮ» ብሎ ቢለምነው ማን ሊሰማው። እኔም በሆዴ ደግ አደረገ አልኩ። ክብር የሚጠላ ወላጅ የት አለ?

አንድ ነገር ግን እረፍት ነስቶኛል። የልጅቷ አባት ልጄን ወዶታል፤ እናትየዋ ግን እሺም እምቢም አላለችም። ልጅቷ ደግሞ እናቴ ካልመረቀችኝ አላገባም ብላለች። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ያለው በዚያች ሴት አፍ ላይ ነው።

ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። እንደዚያ ያለ ቤት ተጋብዤ በሙሉ ሆዴ ልሂድ እንዴ? አመሻሽ ላይ ልጄ ድራይቭ አድርጎ ወሰደን፤ ወንድሜና ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ሁለት ሽማግሌዎች ከኋላ ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ተቀምጠዋል። በሩ ላይ ጥምጥም ያሰረ ዘበኛ እጆቹን ገጥሞ ጎንበስ አለልን። ውስጡማ ምኑ ይነገራል! በትልቅ የነሐስ ሳፋ ውሃ ላይ አበባ ተበትኗል፤ ምንጣፉን በጫማ መርገጥ ያሳፍራል። የልጅቷ አባት ራሱ እየመራ ሁሉንም አስጎበኘን። ከላይኛው ፎቅ መስኮት ሚሲሲፒ በመብራት አሸብርቆ ይታያል። ስንት ዓመት እዚህ ከተማ ስኖር እንዲህ አይቼው አላውቅም። ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮ ስቀርጽ ወንድሜ ለቁም ነገር ነው የመጣነው ብሎ በክርኑ ጎሰመኝ።

ከዚያ ወደ ማዕድ ተጠራን። እናትየዋ በሐምራዊ ሳሪ ከልጇ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ሰላም ካለችን በኋላ አንድ በአንድ ታየናለች። እንደ ፊኛ የተነፋ ትኩስ ቂጣ መጣ፣ ቅቤ የጠጣ ምስር መጣ፣ አይብ በስፒናች መጣ። ምራቄን እየዋጥኩ ነው። ይኼኔ ወንድሜ ብድግ ሲል ሁለቱም ሽማግሌዎች ተነሡ። በአማርኛ፣ ረጋ ብሎ፣ ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን ልንለምን ነው የመጣነው አለ። ሽምግልና በእንግሊዝኛ አይሆንልኝም ባይ ነው። ሲጨርስ ልጄን ተርጉም አለው።

የኔ ጉድ እናትየዋን ሰረቅ አድርጎ አየና ፈራ። አጎቴ ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ እያሉ ነው ብሎ በእንግሊዝኛ ቁጭ አደረገው።

ወንድሜ የሚሉትን እየጠበቀ ተቀመጠ። መልስ ሳይሰማ እህል አይነካም፤ እሱ ካልነካ እኛም አንነካም። አባትየው ቅመሱ እንጂ አለን፤ ማንም እጁን አልዘረጋም። በርበሬው በዝቶባቸው ይሆናል ብሎ አልጫውን አስመጣ። ሌላ አስመጣ። ጠረጴዛው ሞላ፣ የሰውዬው ፊት ጠቆረ፣ የኔ ሆድ ጮኸ። ልጅቷ እንባ እንባ ሲላት ሳይ አላስቻለኝም፤ ከጠረጴዛው ሥር የልጄን እግር ረገጥኩና «አንተ፣ በረሃብ ከመሞቴ በፊት እውነቱን ንገራቸው!» አልኩት።

ላብ በላብ ሆኖ ነገራቸው። አጎቱ ልጅቷን ሊጠይቁ እንደመጡ፣ በኛ ወግ ደግሞ ሽማግሌ እሺ ሳይባል የልጅቷን ቤተሰብ እህል እንደማይቀምስ አስረዳ። አባትየው ወደ ሚስቱ ዞረ። ሁላችንም ወደሷ ዞርን።

«ምግቡን ስላልወደዱት አይደለም?» አለች።

አይደለም አላት ልጄ።

የቀዘቀዘውን ቂጣ ትንሽ አየችው። «አባቴ እኔን ከዳረ በኋላ እስኪሞት ድረስ ቤቴ ውሃ እንኳን አልጠጣም» አለች። «ልጁን የሰጠ ወላጅ ከሷ ቤት አይበላም፤ ወጋችን ነው። እኔ የፈራሁት ልጄን እንደ ቀላል ነገር ለሚወስዱ ሰዎች እንዳልሰጥ ነበር።»

ተነሥታ ከሳህኑ አንድ ጣፋጭ አነሣችና በገዛ እጇ ልጄን አጎረሰችው። ልጅቷ አለቀሰች። ወንድሜ ማንም ሳይተረጉምለት «ተባረኪ!» አለና አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ድገሚው በሏት ብሎ አሳቀን። ደገመችው።

ከዚያ በኋላማ ይሉኝታ የለም፤ የመጣውን ሁሉ በላሁ። አልጫውንም፣ በርበሬውንም። ግን መሀል ላይ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ይቺ ሴት ልጇን ከዳረች በኋላ ልጆቹን ለማየት ስትመጣ ውሃ እንኳን አትቀምስም ማለት ነው? የልጄ ቤትና የኔ ቤት ደግሞ አንድ ነው፤ ከኔ ጋር ነው የሚኖሩት። ጠጋ ብዬ ጠየቅኳት። አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች። እውነቴን ነው፣ ከፋኝ። እሷ ጋብዛኝ እንዲህ ጠግቤ፣ እኔ ቤት እሷ ጦሟን?

ፊቴን አይታ እጄን ያዘችኝ።

«ሠርጉ እኮ ገና ነው» አለችኝ። «እስከዚያ መብላት እችላለሁ። ነገ ቤት ነሽ?»