የፊልሙ ጃኬት

አሶሳ መናኸሪያ፣ ማንጎ ሻጮቹ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ አንድ ሰውዬ አርፎ መቀመጥ አቃተው። ይነሳል፣ ጥቁር መነጽሩን ያወልቃል፣ ወደ ሰዉ ዞር ይላል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ጢሙ ሸብቷል። በዚህ ሙቀት ክርኑ የተላጠ የቆዳ ጃኬት ለብሷል።

ጃኬቱን አውቀዋለሁ። ድሮ በየበዓሉ ቴሌቪዥን ያሳየው በነበረ፣ በትንሽ ገንዘብ እዚሁ አገር በተሠራ ፊልም፣ ይህ ተዋናይ ከሽፍቶች ሲያመልጥ ጃኬቱን እንደለበሰ የሞላ ወንዝ በዋና ይሻገራል።

አንዷ ማንጎ ሻጭ አተኩራ አየችው።

«አንተ የፊልሙ ሰውዬ አይደለህም?»

ፊቱ በራ። «አስታወስሽኝ?»

«ጃኬቱን ነው ያወቅኩት። ፊልሙ ሲቀረጽ ወንድሜ ነው የለበሰው። ወንዙን የዋኘው እሱ ነው። ሰው ግን እስከ ዛሬ ውሸታም ይለዋል።»

ሰውየው የጃኬቱን ቁልፍ ሲነካካ ቆየ።

«እውነቱን ነው፤ እሱ ነው የዋኘው» አለ በለሆሳስ።

ሴትየዋ ወደ ጓደኞቿ ዞረች። «ጮክ በል፤ እነሱም ይስሙ።»

ጠዋቱን ሙሉ ሰው እንዲያየው ሲቁነጠነጥ የቆየው ሰውዬ፣ አሁን ሁሉም ሲያየው መሬት መሬቱን ያይ ጀመር።