ወንበርን ከላይ ማየት

ከቦንጋ የወጣሁ ዕለት ዘነበ። ቦንጋ ደግሞ መቼ ሳይዘንብ ቀርቶ ያውቃል ትሉኝ ይሆናል፤ እሱስ እውነታችሁን ነው። የዚያ ዕለቱ ግን ሌላ ነበር። ገና አልነጋም፣ መናኸሪያው ኩሬ ሆኗል፣ የጅማው መኪና ረዳት ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ሻንጣ ይጭናል፣ እኔ ደግሞ የአባቴን ፊት ላለማየት የመኪናውን ጎማ እያየሁ ቆሜያለሁ። አባቴ በዋዜማው ከመንደራችን ከማንኪራ ጭቃ እያቦካ መጥቶ ዘመድ ቤት አድሮ ነው የሸኘኝ። ቀፎ ሠሪ ነው፤ ግንድ ፈልፍሎ ቀፎ ያደርግና ሰው ቀና ብሎ አንገቱን እስኪያመው ድረስ ከፍ ያለ ዛፍ ላይ ይሰቅላል። ብዙ አይናገርም። እኛ ቤት የሚወራው በካፍኛ ነው፤ አማርኛው የሚወጣው ለቢሮ ጉዳይ ብቻ ነው። ያን ዕለት ግን ነገሩን ከቢሮ ጉዳይ ቆጥሮት ነው መሰለኝ በአማርኛ፣ «ካልሆነልሽ ተመለሽ። ማንም አይስቅብሽም» አለኝ።

«ይሆንልኛል» አልኩት። ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት አትጠይቁኝ። እንደሚስቁብኝማ በደንብ አውቅ ነበር።

ስለ አወጣጤ ብዙ ተወርቷል። ባል ፍለጋ ነው ያሉም አሉ። ወይ ጉድ! ባልስ ቦንጋም ሞልቷል። የሄድኩት ስዕል ልማር ነው። ከቴክኒክና ሙያ በእንጨት ሥራ ተመርቄ አራት ዓመት ጋሽ ከድር ቤት ሠርቻለሁ፤ ከስልጤ መጥተው ቦንጋ ላይ የቤት ዕቃ ሱቅና ወርክሾፕ የከፈቱ ሰው ናቸው። ደንበኛ ይመጣል፣ ስልኩን ያወጣል፣ የሆነ አገር ሶፋ ያሳየኛል፣ «ይቺን የመሰለች ሥሪልኝ» ይላል። እሠራለሁ። ጭንቅላቴ ውስጥ ግን የራሴ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ማንም አይቷቸው አያውቅም። ለደንበኛ ለመንገር ሞክሬያለሁ። «መደገፊያው እንዲህ ጎበጥ ይልና፣ እግሩ ደግሞ እንዲህ ወደ ውጭ…» እያልኩ እጄን ሳወራጭ፣ ከዋጫ የመጡ አንዲት እናት እስክጨርስ በትዕግሥት ጠብቀው፣ «ልጄ፣ እኔ አየር ላይ ያለ ወንበር ላይ አልቀመጥም» አሉኝ። ወርክሾፑ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ።

ጋሽ ከድር ዕቃ የሚያመጡት ቱርክ አገር፣ ቡርሳ ከሚባል ከተማ፣ ከአንድ የወንበር ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ሰልጣኝ ይቀበላል ሲባል ሰሙና ጠሩኝ። «ስድስት ወር የዕቃ አሳሳል ትማሪያለሽ። መጨረሻ ላይ ፈተና አለ። ካለፍሽ ዲዛይን ክፍል ትገቢያለሽ፣ የሁለት ዓመት የመኖሪያ ፈቃድም ይሰጡሻል። ከወደቅሽ ፈቃዱ ያበቃል፣ ወደዚሁ ወደ ሶፋሽ። ትችያለሽ?»

«እችላለሁ፣ ጋሼ።» በሕይወቴ ከማስመሪያና ከእስኳድራ ውጭ መስመር አስምሬ አላውቅም ነበር!

አባቴ ማር በውሃ ኮዳ ሞልቶ ሰጥቶኝ ስለነበር በእጅ ሻንጣዬ ይዤ ቦሌ ደረስኩ። ፈታሹ ኮዳውን ብድግ አደረገና፣ «ፈሳሽ አይገባም» አለኝ።

«ማር ነው እንጂ ፈሳሽ ነው እንዴ?»

«ይፈስሳል አይፈስም?»

«አይፈስም። እኛ ጋ ረግቶ በማንኪያ ነው የሚወጣው።»

ኮዳውን ዘቅዝቆ ያዘው። የመኪናው ሙቀት አጋልጦኝ ማሩ ቀስ ብሎ ወረደ። ሁለታችንም ሲወርድ አየነው። «ያው እንደምታይው» ብሎ ኮዳውን አስቀረው፤ ደግነቱ አልተቆጣም።

ቡርሳ ከላዩ በረዶ የለበሰ ተራራ ያለው ትልቅ ከተማ ነው። መጀመሪያ የገረመኝ ዝናቡ መቆሙ ነው፤ ይዘንባል፣ ከዚያ ልክ ሥራው እንዳለቀለት ሰው ይሄዳል። ምግቡ ዳቦ ነው። ጠዋት ዳቦ፣ ምሳ ዳቦ፣ ሾርባውም በዳቦ። ቆጮ ቢኖር በየትኛው ጎመን እንደምበላው እያሰብኩ ስንት ጊዜ ተኛሁ! ሰዉ ግን ደግ ነው። ሥራ ላይ ያየሽ ሁሉ፣ የማያውቅሽም ቢሆን፣ «ኮላይ ገልሲን» ይልሻል፤ ይቅለልሽ ማለት ነው፣ እንደኛ «በርቺ»። ይቺን ቃል ወደድኳት።

የተከራየሁት ፋትማ ቴይዜ ከሚባሉ አሮጊት ቤት ነው። ቴይዜ ማለት አክስት ነው፤ እትዬ እንደማለት። ምድር ቤት እሳቸው፣ ከላይ እኔ። በሩ ላይ አቁመው፣ በስልክ እያስተረጎምን፣ መረመሩኝ።

«ስንት ሰው ሆናችሁ ነው የምትኖሩት?»

«ብቻዬን።»

«ዛሬ ብቻሽን። በሚቀጥለው ሳምንት እህትሽ፣ ከዚያ የእህትሽ ጓደኛ።»

«እህት የለኝም።»

«መሣሪያ የሚጮህ ነገርስ? ሥራሽ እንጨት ነው ብለውኛል።»

«እዚህ የማመጣው እስኪርቢቶ ብቻ ነው።»

«እስኪርቢቶ አይጮህም» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ። ምን እንደሚመጣባቸው ቢያውቁ ኖሮ አይሰጡኝም ነበር።

አስተማሪያችን ነርሚን ሀኒም ትባላለች። ሀኒም ወይዘሮ ማለት ነው፤ እሷ ግን ከእኔ ብዙም አትበልጥም። ሰልጣኞቹ ስድስት ነን፣ ከእኔ በቀር ሁሉም ያገሩ ልጆች። የመጀመሪያ ቀን ላጲሳችንንና ማስመሪያችንን ሰብስባ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችባቸው። «በእስኪርቢቶ ነው። የተሳሳተ መስመር አይጠፋም፣ ከጎኑ ሌላ ይሰመራል።» ሁለት ሳምንት ሙሉ መስመር ብቻ አሰመርን። መስመር የሚሳበው ከእጅ አንጓ ሳይሆን ከትከሻ ነው። በእጅ አንጓ ከሳባችሁት እየጎበጠ ይሄዳል፤ ክንዳችሁን ከትከሻችሁ ለቃችሁ፣ ወረቀቱን ሳትነኩ ሁለት ሦስት ጊዜ አየር ላይ ተመላልሳችሁ፣ ከዚያ ሳትፈሩ አንድ ጊዜ መልቀቅ ነው። መፍራት ነው ያስቸገረኝ። አናጢ እንጨት ላይ አንዴ ከተሳሳተ ጣውላው ተበላሸ፤ ስለዚህ እጄ ሳይጠየቅ ፍሬን ይይዛል። «ያቫሽ፣ ያቫሽ» ትለኛለች፤ ቀስ በቀስ።

ከዚያ ሳጥን መጣ። የሳጥኑ ጠርዞች ወደኋላ ሲሄዱ እየተቀራረቡ፣ እየተቀራረቡ አንድ ነጥብ ላይ ይጠፋሉ። ይሄ በሦስት ቀን ገባኝ። እንዲያውም እንቅልፌ ውስጥ ሁሉ ሳጥን እሳል ነበር። በዚያው ሰሞን ኢካሜት ለሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮ ሄድኩ። ሰውዬው ስሜን ጻፈና ቀና ሳይል፣ «ሙያ፣ ጽዳት» አለ።

«አይደለም። ዲዛይን ነው የምማረው።»

«ኢትዮጵያዊት ነሽ አይደል?»

«ነኝ።»

«እሺ ጽዳት።»

ደሜ ፈላ። ጽዳት ነውር ሆኖብኝ አይደለም፤ ሳይጠይቀኝ ስለመለሰ ነው። የወረፋ ወረቀቴን ገለበጥኩና ፊቱ ሳጥን ሳልኩለት፤ ዘጠኝ መስመር፣ ያለ ማስመሪያ። ወረቀቱን አነሳው።

«ይሄ ሳጥን ለምንድነው አየር ላይ የሚበረው?» አለኝ። «ቢሆንም ጥሩ ነው።» ጽዳትን ሰርዞ ሰልጣኝ ብሎ ጻፈ። ስለ መብረሩ ያለውን ቀልድ መስሎኝ አለፍኩት።

ቀልድ አልነበረም። ሦስተኛው ወር ላይ ነርሚን ሀኒም አንድ በርጩማና አንድ ኩባያ ፊታችን አስቀምጣ ሳሉ አለች። ስንጨርስ ወረቀቴን አነሳች። አየችው። ገለበጠችው። መልሳ አቀናችው።

«ምህረት፣ የት ሆነሽ ነው የሳልሽው? መሬት ላይ ተኝተሽ?»

ክፍሉ ሳቀ። የኩባያውን አፍ ሳይሆን ቂጡን ነበር የሳልኩት። የበርጩማው መቀመጫ የለም፣ የሚታየው ሆዱ ነው። የቀድሞ ሥራዎቼን አወጣች፤ ሳጥኖቼ በሙሉ ጣራ ላይ እንደተንጠለጠለ ነገር ከስር የሚታዩ ናቸው። ፊቴ ያለውን ዕቃ እያየሁ እጄ ሌላ ይስል ነበር ማለት ነው። «ፈተናው ላይ እንዲህ ከሳልሽ ላድንሽ አልችልም» አለችኝ፤ እያዘነች እንጂ እየተቆጣች አይደለም። ያን ጊዜ ነው በእውነት የፈራሁት። ወደ ሰው ሶፋ መመለሴ ታየኝ።

ቤት ገብቼ ሳስበው ገባኝ። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ ዛፍ አትወጣም፣ ነውር ነው። አባቴ ቀፎ ሊሰቅል ሲወጣ፣ ታች ቆሜ ገመድ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ልጅነቴን በሙሉ ያሳለፍኩት ቀና ብዬ ነው። ማንኛውንም ነገር እንድስል ሲሉኝ እጄ የሚያውቀው የቀፎን ሆድ ነው። አባቴ ከላይ ምን እንደሚያይ ጠይቄው እንኳን አላውቅም፤ ይሄ ትንሽ አናደደኝ።

ለነርሚን ስነግራት አልሳቀችም። «ጫማሽን አውልቂና ጠረጴዛው ላይ ውጪ» አለችኝ።

«እኔ?»

«አንቺ። ማን ይከለክልሻል?»

ወጣሁ። የጠረጴዛው ቁመት አንድ ሜትር አይሞላም፣ እኔ ግን ማንኪራ ጫካ አናት ላይ የቆምኩ ነው የመሰለኝ። በርጩማውን ቁልቁል አየሁት። መቀመጫው ሙሉ ክብ ሆኖ ተከፈተልኝ፣ እግሮቹ ወደ ታች እየቀጠኑ ሄዱ። እዚያው ቆሜ ሳልኩት። ከዚያ ወዲያ ቤቴም ማታ ማታ ራት ከበላሁ በኋላ ወንበሩን ወለል ላይ አቁሜ ጠረጴዛ ላይ መውጣት ሆነ ሥራዬ። በሦስተኛው ቀን ፋትማ ቴይዜ በሩን ደበደቡ።

«ምን እየሠራሽ ነው? ጣራዬ ይንቋቋል!»

«ወንበር እያየሁ ነው።»

አንገታቸውን አስገብተው ጠረጴዛውንም፣ ባዶ እግሬንም፣ ወንበሩንም አዩ። «ወንበር እንደ ሰው ወለል ላይ ሆነሽ አይታይሽም?»

«ችግሩ እሱ ነው ቴይዜ፣ ከታች ብቻ ነው የሚታየኝ።»

«እብድ አስገባሁ» ብለው ወረዱ። በነጋታው ጠረጴዛው እግር ስር የምዘረጋው አሮጌ ምንጣፍ ይዘው መጡ፤ ጣራው እንዳይንቋቋ። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ የሚያሸንፈኝ።

ፈተናው ሦስት ወረቀት ነበር፤ አንድ የተሰጠ ወንበር፣ አንድ ማንቆርቆሪያ፣ አንድ ደግሞ የራሳችን ፈጠራ። ለሦስተኛው አየር ላይ ያሉትን ወንበሮቼን አስቤ አንዱን አወረድኩት፤ ዝቅ ብሎ ለሚሠራ፣ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው የሚሆን፣ አጭር መደገፊያ ያለው በርጩማ። በቀጭን መስመር ጀምሬ፣ ትክክል የሆነውን ብቻ አወፈርኩ። ከላይ ሳልኩት። ከጎኑ ደግሞ፣ አስቤበት፣ ከስር ሳልኩት፤ እግሩ መቀመጫውን የነከሰበት ቦታ እንዲታይ።

የፋብሪካው ባለቤት ራሳቸው መጥተው ወረቀት ያነሳሉ። የእኔ ጋ ሲደርሱ፣ «ከስር ለምን? የወንበር ቂጥ ማን ያያል?» አሉኝ።

ነርሚን መሬት መሬት አየች። እኔ ግን አፌን መያዝ አልቻልኩም። «ቦንጋ ላይ ወንበር የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ገልብጦ ነው የሚያየው። ወንበር የሚዋሸው ከስር ነው፣ ጌታዬ።»

 እዚያው አጠገባቸው የቆመውን የገዛ ፋብሪካቸውን ወንበር ገለበጡና ረጅም ጊዜ ስሩን አዩት። ከዚያ አቁመውት ወጡ።

አለፍኩ! ከስድስታችን አራተኛ ሆኜ። ነርሚን እቅፍ አድርጋኝ፣ «ክብሽ አሁንም እንቁላል ነው» አለችኝ። ይሁን፤ እንቁላሉም የራሴ ነው። ይሄን ከአገር ለምትወጡ ልጆች የምጽፈው ለዚህ ነው፦ መጀመሪያ ከስር ማየታችሁ አያሳፍርም፣ ጠረጴዛው ላይ ለመውጣት ግን አትግደርደሩ።

አሁን ዲዛይን ክፍል መስኮት አጠገብ የራሴ ጠረጴዛ አለኝ። ባለፈው ወር ለእያንዳንዳችን ሥራ ተሰጠ፤ ያደጋችሁበትን ቤት ውስጡን ሳሉ፣ አዲሱን ዕቃ ከዚያ እንጀምራለን ተባለ። ለእኔ ይቺ ምን አላት! የማንኪራውን ቤታችንን ከላይ፣ እንደ ወፍ ሆኜ ሳልኩት። ምሰሶው ወጣ፣ መደቡ ወጣ፣ የአባቴ መጥረቢያ የሚሰቀልበት ወጣ። መስመሬ አንድም አልተንቀጠቀጠ። በሩ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ወደ ቀኝ ነው የሚከፈተው ወደ ግራ? ዓይኔን ጨፈንኩ። ቀኝም ይከፈታል፣ ግራም ይከፈታል።

እሁድ ደወልኩ። ወንድሜ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥቶ ስልኩን ለአባቴ ሰጠው። የሁለት ዓመቱን ፈቃድ አባቴ ቀደም ብሎ ሰምቷል፤ «ጥሩ ነው፣ ኮርቻለሁ» ብሎ ያን ዕለት ቶሎ ነበር የዘጋው። እሁድ ግን ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ ንቦቹ አወራን። ከዚያ ቀለል አድርጌ፣ «አባዬ፣ በራችን ወደ የት በኩል ነው የሚከፈተው?» አልኩት።

«የማን በር?»

«የቤታችን።»

ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ሲነፍስ ይሰማኛል። 

«መጥተሽ ክፈቺው» አለኝ።

ወንድሜን ብጠይቀው በአንድ ቃል ይነግረኛል። አልጠየቅኩትም። ነርሚን ሥዕሉን መቼ እንደማስረክብ በየቀኑ ትጠይቀኛለች፤ አልቋል፣ የቀረው በሩ ብቻ ነው እላታለሁ።