የቦይለር ቤቱ ሰላምታ

አዲስ አበባ ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ቧንቧው መጀመሪያ ይስላል፣ ከዚያ ያንኳኳል። ልጆቼ ደስ ብሏቸው ባልዲ ይዘው ይሮጣሉ። እኔ ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አያለሁ። ጡረታ የወጣሁ የእንፋሎት መስመር ቴክኒሻን ስለሆንኩ ቧንቧ ለምን እንደሚያንኳኳ አሳምሬ አውቃለሁ። ማወቄ ግን ፍርሃቴን አልቀነሰልኝም።

ወጣት ሳለሁ ከጎባ በሚኒባስ እየተመላለስኩ ሮቤ ዳር ባለ የፓስታ ፋብሪካ እሠራ ነበር። መንገዱ አጭር ነው፤ ግራና ቀኙ ስንዴ። በዝናብ ወራት ጭጋጉ ስንዴውንም መንገዱንም ስለሚውጠው ሹፌሩ ጡሩምባውን እያስጮኸ ነበር የሚነዳው። በብርድ የደረቀ እጄ የሚፍታታው ቦይለር ቤት ስገባ ነው። የቦይለሩ ሠራተኛ ኦቦ ከድር የሚባሉ አዛውንት ነበሩ፤ ከቤታቸው ያመጡትን ጩኮ፣ ያንን በቅቤ የራሰ የገብስ ዱቄት፣ ሳያካፍሉኝ ውለው አያውቁም።

ኦቦ ከድር አንድ ልማድ ነበራቸው። ጠዋት ጠዋት እንፋሎቱን ወደ ፓስታ ማድረቂያው የሚለቀውን ዋና ቫልቭ ትንሽ ከፈት አድርገው ይቆማሉ። ግቢውን የሚያቋርጠው ቧንቧ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውሃ ይቋጥራል፤ እንፋሎቱ ያንን ውሃ ሲገፋው ኳ፣ ኳ ይላል። እሳቸው ታዲያ አንገታቸውን ደፍተው «ነገያ፣ ነገያ፣ ገለተ ረቢ»፣ ደህና ነው፣ ምስጋና ለፈጣሪ፣ እያሉ ያጉተመትማሉ። የባሌ ሰላምታ ከሰው አልፎ እስከ ላምና ጥጃ ስለሚደርስ ቶሎ አያልቅም። ኳኳታው ሲበርድ ቫልቩን ሙሉ በሙሉ ይከፍቱታል። እኔ «ዛሬስ ቦይለሩ እንዴት አደረልዎት?» እያልኩ ስቀልድባቸው ፈገግ ይላሉ እንጂ አይመልሱልኝም።

አንድ ክረምት ያ ቫልቭ ማፍሰስ ጀመረና መቀየር ነበረበት። መጋዘን ውስጥ ሁለት አገኘን። አንዱ አዲስ፣ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ፣ ጊዛ የምንለው ቀልጦ የተቀዳ ብረት ነው። ሌላው ከቆመ መስመር ላይ የተፈታ፣ ዝገት የበላው ስቲል። እኔ ስቲሉን አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ስቲሉን ለማደስ ቀናት ይፈጃል፣ ጊዛው ደግሞ የእኛን ግፊት እንደሚችል መጽሐፉም ይላል አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ይላል። ግን መጽሐፉ የሚያወራው ስለ ግፊት ነው፤ የእኛ ቧንቧ ደግሞ ይመታል። ጊዛ ግፊት ይችላል፣ ምት አይችልም፤ እንደ ገል ይሰበራል። ስቲል ቢመታም ይለጠጣል። ይህን ሁሉ ተናግሬ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብል ሳቁብኝ። ጊዛው ተገጠመ።

በዚያው ሰሞን የኦቦ ከድር እህት ሞተው እሳቸው ወደ ጎሮ ለለቅሶ ሄዱ። ቫልቩን መክፈት የእኔ ፈንታ ሆነ። እምቢ ብል ሌላ ሰው ይከፍተዋል፤ እዚያ ቤት ደግሞ የማይቸኩል ሰው አልነበረም።

ጠዋቱ ጭጋግ ብቻ ነበር። የተጠራቀመውን ውሃ የቻልኩትን ያህል አፍስሼ ቫልቩን በጥቂቱ ከፈትኩ። ኳኳታው ጀመረ፤ ከሌላው ቀን ይከብዳል። እጄ መዘውሩ ላይ እንዳለ ከኋላዬ፣ ከግቢው፣ «አካም ቡልቴ?»፣ እንዴት አደርሽ፣ የሚል የኦቦ ከድር ሻካራ ድምፅ ሰማሁ። መቼ ተመለሱ ብዬ ገረመኝ። ለትልቅ ሰው ሰላምታ ጀርባ ሰጥቶ አይመለስም፤ ሄደው፣ ጎንበስ ብለው፣ እጅ ነስተው ነው። መዘውሩን ለቅቄ ወጣሁ።

«ነገያ» አልኩ። ቤቱስ፣ አለኝ ድምፁ። ነገያ። ከብቱስ? ከብት የለኝም፣ ግን ነገያ አልኩ። እየመለስኩ ብከተለውም አልደርስበትም፤ ሁልጊዜ ትንሽ ቀደም ይላል። አጥሩ ጋ ስደርስ ዝም አለ። ያን ጊዜ ከኋላዬ ቫልቩ ፈነዳ።

ነጩ ሁሉ እንፋሎት ይሁን ጭጋግ መለየት አልቻልኩም። እንፋሎቱ አልቆ ስንገባ የቫልቩ ግማሽ እኔ ቆሜበት ከነበረው ቦታ ጀርባ ግድግዳው ውስጥ ተሰክቶ አገኘነው። ኦቦ ከድርን ፍለጋ ወደ በሩ ሄድኩ። ዘበኛው በበሩ የገባ ሰው የለም ብሎ ማለልኝ።

ኦቦ ከድር ከለቅሶ ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው። የያዙትን አስቀምጠው «መለስሽለት?» ብለው ጠየቁኝ።

«መለስኩ እንጂ። ድምፁኮ የእርስዎ ነበር።»

«ለእኔ ከእኔ በፊት እዚህ በሠራው ሰው ድምፅ ነው የሚመጣው» አሉ። «እኔ ሰላምታ ጀምሬ አላውቅም፣ ልጄ። እመልሳለሁ እንጂ።»

ስቲሉ ታድሶ ተገጠመ። ከዚያ ወዲህ ውሃ በሚያቁር የእንፋሎት መስመር ላይ ጊዛ አስገጥሜ አላውቅም፤ ምክንያቱን ለጠየቀኝ ሁሉ ስለ ምቱ አስረዳለሁ። እሱም እውነት ነው፣ ለሥራውም ይበቃል። ዕድሜዬን ሙሉ ትቼው የምሄደው ዕውቀቴን ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ግን እኔ ያሠለጠንኳት፣ ዛሬ በዚያ ፋብሪካ ቴክኒሻን የሆነችው ሐዊ ደወለች። ኩርፊያም አለባት። «እትዬ፣ ሮቤ መጥተው እንዴት ሳያገኙኝ ይሄዳሉ? ዛሬ ጠዋት ከጭጋጉ ውስጥ ሰላም ሲሉኝ ሥራዬን ጥዬ ብወጣ አጣሁዎት።» ጡረታ ከወጣሁ ሮቤን ረግጬ አላውቅም። ዋናው ቫልቭ ከምን እንደተሠራ ጠየቅኳት። በቅርቡ ስለተቀየረ አታውቅም፤ ልታይ ሄደች። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ስጠብቅ ለልጅቷ ፈራሁላት።

«ጊዛ ነው፣ እትዬ» አለችኝ። ቦይለሩን አሁኑኑ እንድታጠፋው ነገርኳት፤ አጠፋችው። ጠዋት ከጭጋጉ ውስጥ ምን እንዳልኳት ግን እስካሁን አልጠየቅኳትም።