እህቴ ያሰናዳችው የፈትል ሳምንት

እህቴ አለች ማለት አለቀ። ሐኪሙ ዓይኗ እየደከመ እንደሚሄድ ሲነግራት፣ «እንግዲያው ጊዜ የለኝም» ብላ ተነሳች። እኔ ብሆን ተከናንቤ እተኛ ነበር። እሷ የተዘጋውን የአናጢ ቤት አስከፈተች፣ መጥረጊያውን እኔን አስያዘችኝ። የሰፈሩ ሰው እዚያ እየዋለ እያደረ ጥጥ የሚፈትልበት፣ ክሩን በቅጠልና በሽንኩርት ልጣጭ የሚያቀልምበት አንድ ሳምንት ማሰናዳት ጀመረች።

«ናይለን ደጃፉን አይረግጥም!» አለች። መጋረጃው ጥጥ፣ የፍራሹ ልብስ ጥጥ። የክር ማስጫ ብዬ የወጠርኩትን የናይለን ገመድ ዳሰስ አድርጋ ወረወረችው።

«ገመድ ደግሞ ማን ያየዋል?» ብላት፣ «እጅ ያየዋል» አለችኝ። ወይ ጉድ! ቃጫ ፍለጋ እግሬ እስኪነቃ ዞርኩ።

መቀመጫውን ሁሉ እየዳበሰች አስተካከለች፤ ወገባቸውን ለሚያማቸው መደገፊያ ያለው ወንበር ሳይቀር። ልቧ ግን መስኮቱ ሥር ባለው አንድ በርጩማ ላይ ነበር። ለልጇ ያስቀመጠችው ነው። ልጅቷ ልብስ ሻጭ ናት፣ ምላሷ ምላጭ። «እማዬ፣ በዚህ ዘመን በእንዝርት ማን ይፈትላል?» ትላለች። እህቴ ደግሞ ዓይኗ ሳይከዳት ሙያዋን ለዚህች ልጅ ማውረስ አለባት። ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው።

ሳምንቱ ሲጀመር ልጅቷ መጣች፤ መምጣቱንስ መጣች፣ ግን ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ተገተረች።

የመጀመሪያው ትምህርት እሳት ነው። ሁሉም ከለበሰው ላይ አንድ ክር መዞ ያቃጥላል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል፤ ናይለን ቀልጦ ይጠጥራል። የኔ ቀሚስ ቀለጠና ተሳቀብኝ። ቤቱን የከፈተልን የአናጢው ሱሪም ቀለጠ። በንዴት፣ «አንቺስ?» አላት እህቴን።

እህቴ አንገቷ ላይ ያለውን ሻርፕ ፈታ አድርጋ ክር መዘዘች። ልጇ «ንጹሕ ጥጥ ነው» ብላ ያሰረችላት፣ ከዚያ ወዲህ ያላወለቀችው ሻርፕ ነው። ክሩ ቀለጠ።

«እማዬ፣ ሙች! ለኔም ጥጥ ነው ብለው ነው የሸጡልኝ!» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

«ያሰርሽልኝ ዕለት በእጄ አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላወለቅሽውም?»

«አንቺ ነሻ ያሰርሽልኝ።»

ልጅቷ ቦርሳዋን ጣለችና በርጩማዋ ላይ ቁጭ አለች። እህቴ እንዝርቱን አስጨበጠቻት። ክሩ ወዲያው ተበጠሰ።

«ቀጥይው» አለች እህቴ። ገመዴን የወረወረችዋ ሴትዮ፣ ያንን ናይለን መልሳ አንገቷ ላይ እያሰረች ነበር።