ጃፓን በክሬሰንት ታውን

ሀብተማርያም ክሬሰንት ታውን ከሚባለው የባሕር ማዶ የፎቅ ሰፈር ከገባ ወዲህ ሱቅ ገብቶ አያውቅም ማለት ይቻላል። በቤቱ የራሱ የሆነ ነገር ቢኖር ጥላው ነው፤ እሱንም የኮሪደሩ መብራት ካልተባበረው አያገኘውም። ስኳር ከፊት ለፊት ጎረቤቱ ከትርፌ፣ ዋይፋይ ከጎን ጎረቤቱ ከደረጄ ይመጣል።

ሰው ሲቆጣው መልሱ አንድ ነው።

«ጃፓንን እዩ» ይላል። «ነዳጅ የላት፣ ብረት የላት፣ ደሴት ላይ የተቀመጠች አገር። ሁሉን ከውጭ አስገብታ ዓለሙን መኪና አስነዳችው። ጥበቡ ማስገባቱ ላይ ነው።»

ይህን የሰማው ከአንድ ቪዲዮ ነው፤ መሥራት የሚባለው ክፍል ግን አልደረሰውም። ምናልባት ደረጄ ዋይፋዩን ያጠፋው ልክ እዚያ ላይ ይሆናል።

የቤተ ክርስቲያናቸው የቤት ለቤት ጸሎት ተራ ሲደርሰው፣ ሁሌ ሲሸሸው የኖረውን ተራ አሁን በደስታ ተቀበለ። ባለተራው ቤቱን ይከፍታል፣ ያበላል፤ ሆሣዕናም ከአባቷ ከጋሽ ገብረእግዚአብሔር ጋር ትመጣለች። ሊያገባት ይፈልጋል። ቤት ንብረት ያለው ሰው መሆኑን አባትየው በዓይናቸው ይዩልኝ ነው ነገሩ።

ወጡን ትርፌ ሠራችለት፤ ወንበሮቹን ደረጄ ተሸክሞ አመጣለት። ሀብተማርያም ከራሱ ጭብጨባ ብቻ አዋጥቶ ድግስ ደገሰ።

ትርፌ የደም ግፊት ስላለባት ጨው ታሳንሳለች። ጋሽ ገብረእግዚአብሔር ቀመስ አድርገው፣ «ልጄ፣ ጨው ቢጤ አታጣም መቼስ» አሉት።

«አሁኑኑ፣ ጋሼ።»

እግሩ እንደለመደው ወደ ጓዳ ሳይሆን ወደ ኮሪደር ወሰደው። የትርፌን በር አንኳኳ። የሚከፍት የለም። ደግሞ አንኳኳ።

«እኔ እኮ እዚህ ነኝ» አለች ትርፌ፣ ከራሱ ሳሎን። «አንተው አይደለህ የጠራኸኝ?»

ደረጄ ጉርሻው ትን አለው። ሀብተማርያም ባዶ እጁን ተመለሰና ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ጃፓንም ብትሆን...»

«ጃፓንስ ላስገባችው ትከፍላለች» አለች ሆሣዕና። «ብረት ወስዳ መኪና ትመልሳለች። አንተ ለትርፌ ምን መልሰህላት ታውቃለህ?»

አሰበ። ሲያስብ ወጡ በረደ።

«እጸልይላታለሁ» አለ በመጨረሻ።

«እሱንም ደረጄ ሲጀምርልህ ነው» አለች ትርፌ።

ጋሽ ገብረእግዚአብሔር ተነሥተው ካፖርታቸውን ደረቡ። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ የከረመ እቃ አገላብጦ መልሶ የሚያስቀምጥ ገበያተኛ ፊት ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። ሌላውን ሁሉ ጎረቤት ይስጥህ። እኔ ግን ልጄን ኤክስፖርት አላደርግም።»

ሆሣዕና ቀድማ ወጥታ ሊፍቱን ጠርታ ነበር።