እስከ ቅዳሜ

የምሠራው ሜልቦርን ዳር፣ ላቨርተን ኖርዝ፣ በኮንቴይነር የመጣ ዕቃ በሚራገፍበት መጋዘን ውስጥ ነው። አንዳንድ ቀን የጫማ ካርቶን ይደርሰኛል፤ ክዳኑን ስከፍተው የማስቲሽና የአዲስ ቆዳ ሽታ ወደ ፊቴ ይወጣና እጄ ለአፍታ ይቆማል። አጠገቤ የሚሠሩት የደከመኝ ይመስላቸዋል። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ፤ ባቡር ውስጥ ከአክስቴ ጎን ተቀምጬ፣ ጭኔ ላይ የወንድ ጫማ ካርቶን ይዣለሁ። ጫማው ለማን እንደተገዛ አውቃለሁ፤ ያ ሰው መቼም እንደማያደርገው አውቃለሁ። አክስቴ ግን አልተነገራትም።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። አባቴ ከልጅነቱ ጀምሮ እታለም ስለሚላት እኛም እታለም እንላት ነበር። ከአዲስ አበባ ለሦስት ወር ልትጠይቀን የመጣችው ከፋሲካ በኋላ፣ የሜልቦርን ሙቀት በርዶ በየመንገዱ ዳር ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ነው። የምንኖረው ኖርዝ ሜልቦርን፣ ከመንግሥት ፎቆች በአንዱ፣ አሥራ አንደኛው ላይ ነበር። እናቴ ጠዋት ጠዋት ቢሮ ታጸዳ ነበር፣ አባቴ ደግሞ ፋብሪካ የከሰዓት ሺፍት ይገባ ነበር፤ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ እታለምን ሁልጊዜ መስኮቱ ጋ ቆማ አገኛት ነበር። «ይሄ ሁሉ አንድ ከተማ ነው?» ትለኝና መልስ ትጠብቅ ነበር። እኔ ዓይን አፋር ስለነበርኩ ጥፍሬን እየበላሁ ዝም እል ነበር። «አይ አንቺ ልጅ! በርበሬዬን የወሰደው ጉምሩክ ያንቺንም ምላስ ወሰደው እንዴ?» ብላ በሳቅ ትፈርስ ነበር።

እሑድ እሑድ ከሰዓት አባቴ የስልክ ካርድ ፍቆ አዲስ አበባ ይደውልላት ነበር። አንድ ልጇ ግርማ፣ ስልክ ያላት ጎረቤታቸው ቤት ሄዶ ይጠብቃት ነበር። ግርማ ክፍለ ሀገር የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። እታለም ስልኩን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ድምፅዋ ያለ ሽቦ አገር ቤት የሚደርስ ይመስል እየጮኸች፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጠይቀው ነበር። «ጫማህ አርባ ሁለት ነው አይደል? እግርህ አላደገም?» እሱ ሲስቅ ለሁላችንም ይሰማን ነበር።

ሰኔ ሲገባ እንደ አገር ቤት እዚህም ክረምት ሆነ። ዝናቡ መስኮታችንን ይደበድብ፣ ነፋሱ በሊፍቱ በር ስንጥቅ ያፏጭ ነበር፣ ቀኑም በአሥራ አንድ ሰዓት ይጨልም ነበር። እታለም ልትመለስ ሁለት ሳምንት ሲቀራት፣ አንድ እሑድ ስንደውል ግርማ አልነበረም። ጎረቤቲቱ ስልኩን አንስታ «ወጥቷል» አለችና መስመሩ ተቋረጠ። እታለም ስልኩን እንደያዘች ቆመች። «ጉንፋን ሲይዘኝ እንኳ ሦስት ጊዜ የምትጠይቅ ሴት፣ ዛሬ እንዴት ነሽ አላለችኝም» አለች።

በማግስቱ ጋሼ ሰይድ መጡ። ጋሼ ሰይድ ስምንተኛው ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ታክሲ የሚነዱ የወሎ ሰው ነበሩ። አገር ቤት ያሉት ዘመዶች ልማዱን ስለሚያውቁ የደወሉት ለእኛ ሳይሆን ለእሳቸው ነው። እታለም ገላዋን እየታጠበች ነበር። ጋሼ ሰይድ ወጥ ቤት ገብተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የግርማ መኪና ገደል መግባቱን፣ ግርማም መሞቱንና መቀበሩን ለአባቴና ለእናቴ ነገሯቸው። አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። እናቴ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፍታ በውኃው ድምፅ ውስጥ አለቀሰች። እኔ በሩ ጥግ ቆሜ ነበር።

«መርዶው ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ይሁን» አሉ ጋሼ ሰይድ። «ያን ቀን ሰው ከሥራ ነፃ ነው፣ አጠገባቸው የሚቀመጥ ይኖራል። ዛሬ ነግረናቸው ነገ ሁላችን ሺፍት ልንገባ ነው? ደም ብዛት ያለበትን ሰው ከግድግዳ ጋር ትተን?»

«እስከዚያ ቤት ከዋለችስ?» አለ አባቴ። «ፊታችን ይነግራታል።»

ጋሼ ሰይድ ዞር ብለው አዩኝ። «ትምህርት ቤት ተዘግቷል አይደል? ይቺ ልጅ ከተማውን ታዙራቸው። እሷ እንደሆነ አፍ የላትም።»

አባቴ የስልኩን ገመድ ከግድግዳው ነቅሎ ለእታለም «ተበላሸ» አላት። እኔን ለብቻዬ ጠርቶ የትራምና የባቡር ቁጥር የጻፈበትን ወረቀት ሰጠኝና «አንድ ቃል ካፍሽ ከወጣ እህቴን ትገድያታለሽ» አለኝ። እንዳለው አመንኩት። አፌን ብከፍት ሰው የሚሞት መሰለኝ።

ማክሰኞ ሪችመንድ ሄድን። የቬትናሞች ሰፈር ነው፤ በየመስኮቱ የተጠበሰ ዳክዬ ባንገቱ ተሰቅሏል፣ ዓሣው ገንዳ ውስጥ አፉን ይከፍታል ይዘጋል። እታለም ገንዳው ፊት ቆማ «ይሄም እንዳንቺ ነው፣ አፍ አለው ቃል የለውም» ብላ ሳቀች። መሳቅ አቃተኝ። ሜልቦርን ያኔ ብዙ አገር ይመስለኝ ነበር፤ ትራሙ ጥቂት ፌርማታ ሲሄድ የሰው ቋንቋም የመንገዱ ሽታም ይለወጥ ነበር። ያን ሳምንት ግን የትም ብንወርድ ወደ ቅዳሜ የቀረብን ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ረቡዕ በባቡር ፉትስክሬይ ሄድን። እታለም ገበያውን አቋርጣ ጫማ ቤት ገባችና ቡናማ የወንድ ጫማ አንስታ ሶሉን አጠፈችው፣ ውስጡን አሸተተችው። «አርባ ሁለት በይው» አለችኝ። ሻጩ ሽበታም፣ ደግ ሰው ነበር። ካርቶኑን እየዘጋ፣ ልጇ ይሞክረውና ካልሆነው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይዘሽው ነይ በያት አለኝ። ይህ ብቻ ነበር የምተረጉመው። «ልጅሽ» አልኩና ቀረሁ። «ልጄ ምን?» አለች እታለም። ዓይኔ በእንባ ሞላ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ባቡር ውስጥ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አስቀምጣ እስከ ቤታችን አንድም ቀልድ አልቀለደችም።

ሐሙስ ሴንት ኪልዳ ነበርን። ባሕሩ አመድ መስሏል፣ ባሕሩ ውስጥ በገባው የእንጨት ድልድይ ላይ ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም። እታለም ነጠላዋን በኮቷ ላይ አጥብቃ፣ ውኃውን እያየች ነበር የጠየቀችኝ።

«ስልክ ተበላሸ ብሎ ነገር አለ? እናትሽስ ለምን ዓይኔን ትሸሻለች?»

ጥፍሬን መብላት ጀመርኩ።

«ጎንደር ያለው ወንድማችን ነው?»

አይደለም ለማለት ራሴን ወዘወዝኩ።

«ታናሽ እህታችን ናት?»

አሁንም ወዘወዝኩ። ሌላ ስም ልትጠራ አፏን ከፈተች፤ ወዲያው ግን እጇን አፌ ላይ ጫነችብኝ። የራሷ እንጂ የእኔ አፍ አልነበረም የተከፈተው። «ተይ» አለች። «አትንገሪኝ። አልጠየቅኩሽም።» ማዕበሉ ከእግራችን ሥር እንጨቱን ሲመታ እንሰማ ነበር። ቆይታ እጇን አነሳች። «መቼ ነው የሚነግሩኝ?»

«ቅዳሜ» አልኩ። በጣም ቀስ ብዬ ነው ያልኩት።

«ቅዳሜ» አለች፣ ልክ የባቡር ሰዓት እንደነገርኳት። «ነገ እንግዲያው የት ነው የምትወስጂኝ?»

«ካርልተን።»

«ካርልተንን አሳዪኝ። እናትና አባትሽ ግን ይሄን አይስሙ፣ እሺ?»

አርብ ጠዋት የጫማውን ካርቶን በፌስታል ይዛ ወጣች፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ካርልተን የጣልያኖች ሰፈር ነው፤ ሽማግሌዎቹ በዚያ ብርድ ውጪ ተቀምጠው ካርታ ይጫወቱ ነበር። እታለም የሁሉን ነገር ስም ጠየቀችኝ። በብርዱ አይስክሬም ገዝታ በላች። አንድ ሰውዬ በእጁ ሲያወራ ተመልክታ «ይሄንንማ እጁን ብታስሪው ዲዳ ይሆናል» ብላ ሳቀች፣ ሳቋ ግን መሐል ላይ ተቆረጠ። ልጇን ቀኑን ሙሉ በስሙ አልጠራችውም። ስንመለስ ትራሙ በትልቁ መቃብር አጥር ሥር አለፈ፤ ነጫጭ ድንጋዮቹ በዝናብ ረጥበው ዓይን እስከሚያይ ተደርድረው ነበር። እኔ ፊቴን አዞርኩ፣ እሷ ግን አጥሩ እስኪያልቅ አየችው። መሐል ከተማ ወርደን የሰፈራችንን ትራም ስንጠብቅ መጣ። ልሮጥ ስል እጄን ያዘችኝ። «ይሂድ፣ የሚቀጥለውን እንይዛለን።» የሚቀጥለው መጣ። «ይሄም ይሂድ።» ሦስት ትራም አሳለፍን። እጇ ቀዝቃዛ ነበር፣ አጥብቃ ይዛኝ ነበር።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ የሊፍቱ በር ተከፈተ፣ ከዚያ በኮሪደሩ የብዙ ሰው ኮቴ ተሰማ። የአባቴ ጸሎት ቤት ሽማግሌዎችና ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ የፎቁ ሴቶች ከጋሼ ሰይድ ኋላ ቆመው ነበር። አባቴ ሊከፍት ሲነሳ እታለም ቀደመችው። አልጋዋን አንጥፋ፣ ለብሳ፣ ካርቶኑን ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር። ጋሼ ሰይድ «እትዬ» ብለው ከመጀመራቸው «ግርማዬ!» አለች። ከረቡዕ ወዲህ ስሙን የጠራችው ያን ጊዜ ነው። ጩኸቷ ከአሥራ አንደኛው ፎቅ እስከ ምድር ወረደ።

ለቅሶው ላይ ሴቶቹ ራሴን እየዳበሱ «ይቺ ልጅ ጉድ ናት፣ ሳምንት ሙሉ ትንፍሽ አላለችም» ይሉ ነበር፣ አባቴም እንባው እየወረደ አመሰገነኝ። እታለም ከፍራሹ ቀና ብላ አየችኝ። ጫማውን ይዛው ሄደች፤ ለማን እንደሰጠችው፣ ወይም ለማንም እንዳልሰጠችው አላውቅም።

ዛሬ የምንኖረው ከከተማው ዳር፣ ታርኔት ነው። ቤቱ አዲስ፣ መንገዱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ሰፈር ከሰፈር የሚለይ ሽታ የለውም። በር የሚያንኳኳ ሽማግሌም የለም፣ ሁሉም ሰው ስልኩን በኪሱ ይዞ ይዞራል። እታለም ማረፏን የሰማሁት በምሳ ሰዓት፣ መጋዘኑ ውስጥ፣ ሳንድዊች በእጄ ይዤ ነው፤ ፎቶዋ ከሻማ ሥዕል ጋር ስልኬ ላይ መጣ። ሰኞ ነበር። ሥራ ስጨርስ ወደ ቤቴ መሄድ አልቻልኩም፤ ከተማ ገብቼ የኖርዝ ሜልቦርኑ ትራም ፌርማታ ላይ ቆምኩ። አንዱ መጣ፣ አሳለፍኩት። ሁለተኛውንም አሳለፍኩት። እሷ እኮ ከመርዶው በፊት ሁለት ቀን ነበራት፣ የሚያዞራት ሰውም ነበራት። እኔ ስልኬ ነግሮኛል፤ ሰው አጠገቤ የሚቀመጥበት ቅዳሜ ግን ገና ሩቅ ነበር።