የሳይራካን ስልባቦት

«ሳይራካን ምራቷን መረዘች» የሚል ሰው እኔ ፊት ባይለው ይሻለዋል። ከናሪን ከተማ ወጣ ባለችው መንደራችን አጥር ለአጥር ነው ያረጀነው። ባሏ ሲሞትባት ላም እያለበች አንድ ልጇን ታላይን ለወግ ለማዕረግ አብቅታለች። ታላይ ካገባ በኋላ ግን ዓመታት አለፉ፣ ልጅ የለም። አምና በበረዶው ወራት ምራቷ ቤጊማይ አረገዘች ሲባል ሳይራካን የምትሆነውን አጣች።

በረዶው ሳይቀልጥ ላሟ ጨነገፈች። የእንስሳት ሐኪሙ ደም ወስዶ መረመረና፣ «ብሩሴሎሲስ የሚባል የሚያስጨነግፍ በሽታ ነው፤ ወደ ሰውም ይጋባል። ለመታረድ እስክትወሰድ ወተቷን ሳታፈሉ እንዳትቀምሱ!» ብሎ አስጠነቀቀ።

ወይ ማፍላት! ድስቱ እስኪያር ነበር የምታፈላው።

«ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ወተት ነው ወይስ ልብስ የምትቀቅይው?» እላታለሁ።

«ዝም በይ! የልጅ ልጄ ነው የሚጠጣው» ትለኛለች።

እኛ ዘንድ ግን ወተት ምድጃ ከማየቱ በፊት ማሽን ውስጥ ይገባል። ገና ከጡት እንደወጣ በትኩሱ ይጨመርና መዘውሩ ሲዞር፣ በአንዱ አፍ ስልባቦቱ፣ በሌላው ቀጭኑ ወተት ይወርዳል። ሳይራካን የምታፈላው ቀጭኑን ነው። ስልባቦት ደግሞ ማን ያፈላል? ስልባቦትም ወተት ነው ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም። በየማለዳው ለታላይም ለቤጊማይም ዳቦ ላይ አወፍራ ትቀባና፣ «ብዪ የኔ ልጅ፣ ለሁለት ነው የምትበዪው» ትላታለች። «አፓ፣ ኧረ እናቴ፣ ጠገብኩ» ብትል ማን ሰምቷት!

ቆይቶ ቤጊማይን ላብ ያጠምቃት፣ መገጣጠሚያዋን ይቆረጥማት ጀመር። የእርግዝና ነው አልን። ሆዷ ከገፋ በኋላ ጽንሱ ሞቶ ወጣ። ወንድ ነበር።

የጤና ጣቢያው ነርስ ቤት ድረስ መጣች። «ጥሬ ወተት ጠጥታችኋል?»

«ምን ቆርጦን!» አለች ሳይራካን ቆጣ ብላ።

ነርሷ ማሽኑን አየችው። «ስልባቦቱንስ ታፈሉታላችሁ?»

«ስልባቦት ደግሞ ይፈላል እንዴ?» አለች ሳይራካን። ነርሷ የሁላቸውንም ደም ወስዳ ሄደች።

ውጤቱን ይዛ ስትመለስ እኔም ነበርኩ። ቤጊማይም ታላይም በሽታው ተገኝቶባቸዋል። ሳይራካን ነጻ ናት።

«የሚያልቡት እርስዎ ሆነው እንዴት ተረፉ?» አለቻት ነርሷ ግራ ገብቷት።

«እንጃ» አለች ሳይራካን። «ስልባቦቱን ግን ቀምሼው አላውቅም። ለእሷ እንዳያንሳት ብዬ…»

 ቤጊማይ ተኝታ ትሰማ ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።